የቀኝ ክንፍ፣ የግራ ክንፍ

ሸለምጥማጥ ዶሮ ሲበላ ክንፍ አይነካም። አንገቷን ይቆርጣል፣ ደረቷን ይቦጭቃል፣ ከሆዷ የሚያምረውን መርጦ ይወስዳል፤ ክንፍ ግን ላባና አጥንት ብቻ ስለሆነ ትቶት ይሄዳል። በእኛ በፎገራ ክንፍ ምስክር የሆነው ለዚህ ነው። ዶሮ በርቢ የተቀበለ ሰው አውሬ ከበላበት ክንፏን ለባለቤቱ ያሳያል። ባለቤቱም አይቶ «የእግዜር ነው» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ርቢ ማለት የሰው ከብት ወይም ዶሮ ተቀብሎ፣ እየመገቡና እየጠበቁ አቆይቶ፣ ውላጁን ከባለቤቱ ጋር እኩል መካፈል ነው። ከብት ከሞተ ቆዳው ይታያል፤ ዶሮ ከሆነች ክንፏ። አንድ ክንፍ ደግሞ ይበቃል። በአንድ ክንፍ አልረካም ያለ ሰው ከአማቴ በፊት አልሰማሁም።

አማቴን አልወዳቸውም። «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው አፌ ስለለመደ ነው እንጂ ከልቤ ስለማከብራቸው አይደለም። እሳቸውም አይወዱኝም፤ ይህንንም ደብቀውኝ አያውቁም፤ ለዚህ ብቻ አመሰግናቸዋለሁ። ቁሐር ሚካኤል ላይ ዕድሜ ልካቸውን የካህን ሚስት ሆነው የኖሩ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላም ደብሩን የሚያስተዳድሩት እሳቸው የሚመስላቸው ሴት ናቸው። እኔ የወረታ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በእሳቸው ዓይን ከመንገድ ዳር የተለቀምኩ ነኝ። ከልጃቸው ጋር በቁርባን ከተጋባን ስንት ዓመት ሆነን፣ አንድ ቀን እንኳ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ሙሽሪት» ነው የሚሉኝ። የሰማ ሰው ቁልምጫ ይመስለዋል። እኔ ግን የሚሰማኝ «ትናንት የመጣሽ» ሲሉኝ ነው።

ክረምት ሲገባ ቁሐር ውሃ ነው። የርብ ወንዝ ይሞላና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሩዙ ደስ ይለዋል፣ ሰውና ከብቱ ይጨነቃል። አውሬውም እንደ ሰው ደረቅ መሬት ስለሚፈልግ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ስለዚህ አማቴ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዶሮዎቻቸውን በባሌ ባጃጅ ወደ እኔ ይልካሉ፤ ውሃው ሲሸሽ፣ ከመስቀል በኋላ፣ መልሰው ይወስዳሉ። ርብ ሲሞላ ርቢ ይመጣል እያልኩ እቀልዳለሁ፤ ባሌ ግን አይስቅም። የተፈለፈለውን ጫጩት እኩል ነው የምንካፈለው። መርጦ የሚወስድ ግን ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ሁሉ አድጎ አውራ ይሆናል።

ካቻምና የላኩልኝ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ፣ አንዲት ጥቁር፣ አንዲት ነጭና ሁለት ገብስማዎች ነበሩ። ገብስማዎቹ ከአንድ ዕቅፍ የወጡ እኅትማማቾች ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ላባቸው አንድ፣ ኩራታቸው አንድ። እየመገብኳቸው እንኳ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለይቼ አላውቅም ነበር። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከአጥራችን ማዶ የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ ባለቤቱ ገለፈቱን ባዶው ቦታ ላይ ይከምረዋል። ገለፈቱ ውስጥ የቀረ ሩዝ አይጠፋም፤ ሩዝ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ሸለምጥማጥ ይመጣል። ቀን ቀን ከመንገዱ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ይተኛል፤ ማታ መፈልፈያው ሞተሩን ሲያጠፋ ይወጣል። ለባለመፈልፈያው ገለፈቱን አንሣልን ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። «እኔ አይጥ አላረባም» ነው መልሱ። እሱንም አልወደውም።

ዶሮዎቹ የሚያድሩት ባሌ ከጣውላ ቁርጥራጭ ሠርቶ ከጓሮው ግድግዳ ጋር ባስጠጋው ቤት ውስጥ ነበር። ባሌ ባጃጅ ይነዳል እንጂ አናጢ አይደለም። ፊቱን በወንፊት ሽቦ ሸፈነው፤ ምስማሩን ግን እስከ ግማሽ መትቶ ቀሪውን አጎበጠው። «ይይዛል» አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ጥሬ ልበትን ብወጣ የሽቦው ጥግ ተገልብጦ አንደኛዋ ገብስማ አንገቷ ተቆርጦ፣ ደረቷ ተቦጭቆ ወድቃለች። ሌሎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ድምፅ አያሰሙም። ቀኝ ክንፏን በቢላዋ ቆርጬ አስቀረሁና የቀረውን ሁሉ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት። ባሌ ክንፉን በፌስታል ጠቅልሎ ቁሐር ወሰደው። አማቴ አይተው «የእግዜር ነው፤ ሙሽሪት ሽቦውን ታጥብቅ» አሉ። ክንፉን ግን አልጣሉትም፤ ግድግዳቸው ስንጥቅ ውስጥ ሰክተው አስቀመጡት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ የጎረቤት ምክር ዘነበ። ዶሮ አርብታ የማታውቀው ሁሉ ሊቅ ሆነች። አንዷ ቀይ ጨርቅ ስቀዪ አለችኝ፤ ሰቀልኩ። ሌላዋ ሬዲዮ ከፍተሽ እደሪ አለችኝ፤ ከፈትኩ፤ ሸለምጥማጡ ዜና ይወድ እንደሆነ አላውቅም፣ ዶሮዎቹ ግን እንቁላል መጣል አቆሙ። ሦስተኛዋ ውሻዋን አዋሰችኝ፤ እሱም ማታ ማታ እራቱን በልቶ ከዶሮዎቹ ቀድሞ ይተኛል። ባሌ ምስማሩን በደንብ መታው፤ እኔም የግራር እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን አጠርኩበት። ግድግዳው በኩል ያለው ጣውላ ከሥሩ መበስበሱን ግን ማናችንም አላየንም። እሾህ ያነጠፍነው በፊት ለፊት ነው፤ ሌባው የሚመጣው በጀርባ።

ሁለተኛዋ ገብስማ የተበላችው ፍልሰታ ውስጥ ነው። ያቺን እዚያው አልበላትም፤ በበሰበሰው ጣውላ በኩል ጎትቶ ይዟት ወጣ። ቀዳዳው ጠባብ ስለነበር አንድ ክንፏ ምስማር ላይ ተይዞ ተገንጥሎ ቀርቷል። የግራ ክንፏ ነው። ሌላውን ፍለጋ በአጥሩ ሥር ሄድኩ፣ ገለፈቱን በእንጨት ገለባበጥኩ፣ ቱቦው አፍ ድረስ ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጥቂት ላባ እንጂ ሌላ አላገኘሁም። አንድ ክንፍ ይበቃል ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ለባሌ ሰጠሁት።

ባሌ ከቁሐር የተመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ወደ ቤት አልገባም፤ ጠዋት የታጠበውን ባጃጅ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ይህን ሲያደርግ አውቀዋለሁ። ከአፉ አንዲት ቃል ለማውጣት ሲነጋገሩ ማደር ነው። ቀስ በቀስ ነገረኝ። እናቱ የድሮውን ክንፍ ከግድግዳው አውጥተው ሁለቱን መደቡ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ላባውን በጣታቸው እየከፈቱ አዩ። ጎረቤቶቻቸውም ነበሩ።

«ይኸኛው ቀኝ፣ ይኸኛው ግራ» አሉ። «ላባው አንድ፣ ልኩ አንድ። ይህች አንዲት ዶሮ ናት። ሁለተኛዋስ የት ገባች?»

ከዚያ ረጋ ብለው ጨመሩበት፦ «ጾሙ ከብዷት እንደሁ ትናገር እንጅ፣ በሸለምጥማጥ ታመካኛለች?»

ሕፃን ሳይቀር በሚጾምበት በፍልሰታ ዶሮ አርዳ በላች ማለታቸው ነው። የመጀመሪያዋን ዶሮ አንዱን ክንፍ ልኬ ሌላውን ደብቄ፣ ሁለተኛዋን በልቼ፣ የተደበቀውን ክንፍ እንደ አዲስ ላክሁ ማለታቸው ነው። አስቤው የማላውቀውን ተንኮል እንዲህ አድርገው ሲያቀናብሩት ተንኮሉ ከእሳቸው ዘንድ ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው? ደሜ ፈላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔን የመቱኝ ግን ዳዋው መሃል ቆሜ አይጡን እያሳደድኩ ሳለ ነው። ባሌን «አንተስ ምን አልካቸው?» አልኩት። ውሃውን ጎማው ላይ ደፋና «እናቴ ናት» አለኝ።

በማግስቱ ወረታ ገበያ ሄጄ ገብስማ ዶሮ ገዛሁ። እየዞርኩ መርጬ፣ ከሁለቱም ሟቾች የምትበልጥ፣ ደረቷ የሞላ። እግሯን አስሬ ለባሌ አቀበልኩት።

«ውሰድላቸው። የጎደላቸው ዶሮ ከሆነ ይኸው ዶሮ።»

ዶሮዋን ታቅፎ «ይቅርብሽ፤ አይሆንም» አለኝ። ለምን እንደማይሆን እሱም እኔም እናውቃለን። በርቢ ሕግ አውሬ የበላው አይተካም። የሚተካው ሰው የበላው ብቻ ነው። የከፈለ በላሁ አለ ማለት ነው፤ ሽማግሌ አያስፈልገውም። ባለቤቱ የተከፈለውን መልሶ ከላከ ደግሞ የወቀሰበትን ቃል ዋጠ ማለት ነው፤ ይህም ሽማግሌ አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ዶሮዋን ያሰርኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። በዶሮ ሰበብ አልዋረድም፣ ዶሯቸውን ፊታቸው ላይ እወረውርላቸዋለሁ ነበር ሐሳቤ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው።

አማቴ ዶሮዋን ተቀበሉ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ክብደቷን ለክተው «ከፈለች» አሉ። ገብስማዋን ከቤታቸው ሰዎች ፊት ለቀቋት፤ ወሬውም ከእሷ ጋር ተለቀቀ።

ፍልሰታ ተፈቶ ብዙም ሳይቆይ የነፍስ አባታችን ጸበል ሊረጩልን መጡ። የእኛም የአማቴም ነፍስ አባት ናቸው፤ የቁሐር ሰው፣ ደግ ሰው። ቤቱን ረጭተው፣ እኔን አሳልመውኝ፣ ባሌን ደጅ ቆይ አሉት። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ሥጋ ደካማ እንደሆነች፣ ሰው ሁሉ እንደሚሳሳት፣ ቀኖናውም ያን ያህል ከባድ እንደማይሆን ነገሩኝ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ገብቶኛል።

«አባ፣ ባልበላሁት ንስሐ አልገባም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ከፈልሽ ልጄ?»

ለአማቴ የሚሆን መቶ መልስ ነበረኝ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አንድም አልነበረኝም። በንዴት ነው ብላቸው ንዴትም ኃጢአት ነው። አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መልሰው፣ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ከቁርባኑ ብትታገሺ ይሻላል አሉኝ። በቁርባን የተጋባች ሴት ባሏ ሲቆርብ ዳር ቆማ ስታይ ሰው ምን እንደሚል የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። በቀጣዩ የጽዋ ማኅበር ሴቶቹ ጎን የነበረው ቦታዬ ጠቦ ጠበቀኝ። ዶሮ የሚለው ቃል ያን ቀን በዚያ ቤት አልተነሳም፤ ወትሮ ከዶሮ ሌላ ወሬ የሌላቸው ሴቶች።

እንዲህ ከሆነ በኋላ ነው ሸለምጥማጡን በእውነት መጥላት የጀመርኩት። ቀድሞ የዶሮ ሌባ ነበር፤ አሁን የስሜ ሌባ ሆነ። ገድዬ ሬሳውን ቁሐር ድረስ ወስጄ አማቴ መደብ ላይ ከክንፎቹ ጎን ልዘረጋው ፈለግሁ። መርዝ አስቤ ነበር፤ የጎረቤቴ እንቅልፋም ውሻ እንዳይሞት ብዬ ተውኩት። ወጥመድም አጠመድኩ፤ የተያዘው የባለመፈልፈያው ድመት ነው፤ እሱም መጥቶ አይጥ የሚበላለት ድመት ስላሰርኩበት ሰደበኝ።

መግደሉ ሲያቅተኝ መከልከሉን ያዝኩ። የድሮውን የዶሮ ቤት አፈረስኩት። ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተከልኩ፤ ቁመታቸው እስከ ደረቴ። እያንዳንዱን ቋሚ በቆርቆሮ አስጠቀለልኩት፤ ጥፍር ቆርቆሮ ላይ አይይዝም። ከላዩ አዲስ ቤት ተሠራ፤ ወለሉ ጣት በማያስገባ ጣውላ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ፣ በሩ በመወርወሪያ ተዘግቶ በላዩ በሽቦ የሚጠመዘዝ። ዶሮዎቹ የሚወጡበትን መሰላል ማታ ማታ አነሣዋለሁ። በዙሪያው የሩዝ ገለፈት አቃጥዬ አመዱን ነሰነስኩ፤ መጥቶ ከሆነ ዱካው ይነግረኛል። ምስማሩን በዚህ ጊዜ የመታሁት እኔ ነኝ። ባሌ ምስማር አቀባይ ነበር።

አንድ ምሽት መፈልፈያው ሞተሩን እንዳጠፋ፣ ገና ሰማዩ ሳይጠቁር፣ አጥሩ ላይ አየሁት። ቀጭን ነው፤ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት አለው፤ ርዝመቱ አካሉን ያህላል። ቆንጆ ነበር፤ ይህም አናደደኝ። ሸርተት ብሎ ወርዶ ወደ ቋሚው ሄደ፣ ዘለለ፣ ቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ ሙቀጫው ውስጥ የነበረውን ዘነዘና አንስቼ ወረወርኩበት። የመታሁት የውሃ በርሜላችንን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሸለምጥማጡ አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ዞር ብሎ አየኝና ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንዲት ዶሮ አልጠፋችብኝም። ጠዋት ጠዋት አመዱ ላይ ዱካውን፣ ቆርቆሮው ላይ የጥፍሩን ጭረት አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ጥቁሯ ዶሮ ታቅፋ ጫጩት ፈለፈለች። ስሜ የጠራ መስሎኝ ባሌን «ለእናትህ ንገራቸው፤ አንድም አልጎደለም በላቸው» አልኩት። ነገራቸው። የላኩብኝ መልስ ይህ ነው፦ «አየህ? ነገሩ ከታወቀ ወዲህ ሸለምጥማጡ ጠፋ።»

ያን ቀን አለቀስኩ። በሐዘን አይደለም፤ በንዴት ነው። ዶሮ ቢሞት በልታለች፣ ዶሮ ቢተርፍ በልታ ነበር። ከእሳቸው ጋር የምሟገትበት መሬት ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል።

ውሃው ሸሸ፤ መስቀልም አለፈ። አማቴ በዚያ ዓመት ዶሮዎቹን ላክልኝ ብለው ለልጃቸው አልነገሩም፤ ራሳቸው መጡ። የመጡት ዶሮ ሊወስዱ ሳይሆን ቤቴን ሊያዩ እንደሆነ ገብቶኛል። ገና እንደገቡ ወደ ጓሮ ሄዱ፣ አዲሱን የዶሮ ቤት ዞረው አዩት፣ ቆርቆሮውን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይኸ የዶሮ ቤት ነው ወይስ የማሽላ ማማ?» አሉኝ።

በልጅነታቸውም በእርጅናቸውም ዶሮ ከሰው ጋር እንጂ ብቻውን ሲያድር አይተው እንደማያውቁ፣ ሰው ባለበት ቤት አውሬ ደፍሮ እንደማይገባ ነገሩን። መሸባቸው፤ ከእኛ ጋር ሊያድሩ ነው። የተኙት የጓሮዋ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ድሮ የባሌ ላጤ ቤት የነበረችው። ዶሮዎቹንም እዚያው አስገባለሁ አሉ። ባሌ እንጨት አጋደመላቸው፤ ዶሮዎቹ ከአልጋቸው በላይ ሰፈሩ። የዚያ ቤት ግድግዳ ከጣሪያው ጋር አይገናኝም፤ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለው። ክፍተቱን በጣቴ አሳየኋቸው።

«እማማ፣ በዚህ በኩል ይገባብዎታል።»

«ያንች ሸለምጥማጥ እኔ ካለሁበት አይደርስም፤ ሙሽሪት።»

ያንች አሉ። እኔ የፈጠርኩት፣ ከእኔ አፍ በቀር የትም የሌለ አውሬ። «እሺ እማማ» ብዬ ወጣሁ። ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢት መወተፍ እችል ነበር፤ ከረጢቱ ደጅ ላይ ነበር። አላደረግኩትም፤ በዚህም አይቆጨኝም።

ሌሊት የዶሮ ጩኸት ቀሰቀሰን። ባሌ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። «እማዬ፣ ምንድን ነው?» ሲል አማቴ ከውስጥ፣ ደህና በሆነ ድምፅ «ምንም አይደለም፤ ግቡና ተኙ» አሉ። ገብተን ተኛን።

ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጌ ገባሁ። አውራ ዶሮውና ነጯ እንጨቱ ጫፍ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ጫጩቶቹ ቅርጫታቸው ውስጥ ናቸው። ጥቁሯ የለችም። አልጋው ላይ አንድ ጥቁር ክንፍ ተቀምጧል። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው አልጋው ሥር ይፈልጋሉ። ሣጥኑ ከቦታው ተነስቷል፣ ከረጢቶቹ ተገልብጠዋል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሻሻቸው ላይ የሸረሪት ድር አለ። ፍለጋ ሲያድሩ ነው የነጋባቸው።

«ምን ጠፋዎት እማማ?»

ቀና ሳይሉ «ሁለተኛው ክንፍ» አሉ።

ለዚያች ደቂቃ ስንት ቀን እንደተዘጋጀሁ እግዜር ያውቃል። ባጃጅ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር የምናገረውን ሳሰላ ከርሜያለሁ። ረጅም ንግግር ነበር፤ ከአባቴ ሥራ ጀምሮ እስከ ገብስማዎቹ የሚደርስ። ከዚያ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው የወጣኝ።

«የተገኘው የቀኝ ነው የግራ?»

ወደ አልጋው ተዘርግተው ክንፉን አነሱ። ላባውን በጣታቸው ከፈቱት፤ ፍልሰታ ላይ መደቡ ላይ እንደከፈቱት መሆን አለበት። «የግራ ነው» አሉ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና ወደ አልጋው ሥር ጎነበሱ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የፈተሹትን ከረጢት ደግመው ሲገለብጡ አየሁና ደስታው ቀነሰ፤ ግን አልረዳኋቸውም። ሌላው ክንፍ አልተገኘም።

ቁርስ አልበሉም። አውራውን፣ ነጯንና የድርሻቸውን ጫጩቶች ባሌ ባጃጅ ላይ ጫነላቸው። በዚያ ዓመት ጫጩት አልመረጡም፤ እጃቸው የገባላቸውን ወሰዱ። ጥቁሩን ክንፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያዙት። ጓሮውን ሲያልፉ የማሽላ ማማ ያሉትን ቤት ቆም ብለው አዩት።

ሩዙ ይታጨድ ጀመር። አንድ እሑድ ባሌ ከቁሐር ሲመለስ ባጃጁን ሳያጥብ በቀጥታ ወደ ቤት ገባ። እግሯ የታሰረ ገብስማ ዶሮ ታቅፏል። ከገበያ የገዛኋት ራሷ ናት፤ ደረቷ አሁንም የሞላ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እናቱ አባን ዋርካው ሥር አስቁመው፣ ሰዉ እያየ፣ ነጠላቸውን ፈትተው ጥቁሩን ክንፍ አሳዩዋቸው። «አባ፣ ከራሴ አልጋ በላይ ነው የበላብኝ። አንድ ክንፍ ብቻ ነው የተወልኝ» አሉ። አባም ለሚመጣው እሑድ ለቁርባን ተዘጋጅታ ትምጣ ብለው ልከውብኛል።

«ለእኔስ? ምን አሉ?» አልኩት።

ባሌ ዶሮዋን ያሻሽ ጀመር። ይህን ሲያደርግ አውቀዋለሁ።

«ለሙሽሪት ስጣት አለች። ሁለቱም ክንፏ ደህና ነው፤ ቆጥራ ትረከብ አለች።»

ዶሮዋን ከእጁ ወሰድኳት። እግሯን ፈታሁ። የቀኝ ክንፏን ዘርግቼ እስከ ጫፉ አየሁት፤ አጠፍኩት። የግራውንም ዘርግቼ እስከ ጫፉ አየሁት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወስጄ በመሰላሉ አወጣኋት፣ መወርወሪያውን ሰደድኩ፣ ሽቦውን በላዩ ጠመዘዝኩ።

«ሁለት ናቸው» አልኩት። «ተረክባለች በላቸው።»